በተከደነ እስክሪብቶ የተጻፈ ስም

ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ አምስተኛው እሱ ሆኖ ሳለ፣ «አራት ነን» ሲሉ ከሰማ ምን ይላል? ዓይናዲስ የቆሎውን ሳህን ወደ እንግዶቹ ገፋች። መኩሪያ ጣቱን ቀስሮ፣ «እኔ፣ ጋሽ ፀጋይ፣ ኪዳኔ፣ ዲና፤ አራት ነን» አለና ደብተሩን ገለጠ። ጣቱ በእሷ በኩል ሲደርስ እንደ መጋረጃ አልፏት ሄደ።

ቤቱ የእሷ ነው። ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ካውንስሉ ማለት የሰፈሩ አስተዳደር በስሟ የሰጣት፣ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር በጉልበቷ የምትወጣው። ልጇ ኪዳነወልድ ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ አርባ ስምንት ዓመቱን ተሸክሞ ወደ እናቱ ተመልሷል፤ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ሲጭን ያድርና ቀን ይተኛል። ዲና የእሱ ልጅ ናት፤ ሃክኒ የሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እዚህ የምትመጣው ለፋሲካና ለዚህ ጉድ ብቻ ነው።

ጉዱ ማኅበር ነው። የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ማኅበር፤ እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱን በብብታቸው ይዘው ነው የሚሮጡት። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፤ የጎደለው ጻድቁ ብቻ ነው። ያመጣው መኩሪያ ነው፤ አሜሪካ ሁለት ዓመት ተምሮ ከዲግሪው ጋር ይዞት የመጣ በሽታ። በያመቱ በፋሲካ ሰሞን ቡድኖቹ ከየዩኒቨርሲቲው አዲስ ተጫዋች በተራ ይመርጣሉ፤ ያን ለማየት በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ስሙን ድራፍት ይሉታል። ኪዳነወልድ መጀመሪያ ጊዜ «እማዬ፣ ቅዳሜ ቤት ድራፍት አለን» ሲላት ቢራ መስሏት ስድስት ብርጭቆ አጥባ ነበር የጠበቀቻቸው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ለእሷም ነገር ሆነ። የእነሱ ቡድን፣ እሷ «ሰማያዊ ቆቦቹ» የምትላቸው፣ በመስከረም ለንደን መጥተው ሊጫወቱ ነው፤ ያውም ከቤቷ በአውቶቡስ አራት ፌርማታ ብቻ በሚርቀው ትልቁ ስታዲየም። ጋሽ ፀጋይ እንደ ምንም ብሎ አምስት ወንበር አስይዟል። አራቱ የአባላቱ ነው። አምስተኛው ዛሬ ሰማያዊ ቆቦቹ የሚመርጡትን ላይንባከር፣ ባለ ኳሱን የሚጥለውን ተከላካይ፣ አስቀድሞ ስሙን ለጠራ ሰው ይሰጣል፤ ማንም ካላገኘው የዓመቱ ተረኛ ይወስደዋል። ተረኛው ኪዳነወልድ ነው።

ዓይናዲስ ያን ስታዲየም ከወንበሩ ሥር ታውቀዋለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አራት ዓመት ጠርጋዋለች። ስልሳ ሺህ ሰው ጮሆ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ሲወጣ እሷ በጓሮ በር ትገባ ነበር። ማን እንዳሸነፈ የምታውቀው ከቆሻሻው ነው፤ የተሸነፈ ሰው ብርጭቆውን ይጨፈልቃል። ጨዋታ በሙሉ አይታ አታውቅም። አንድ ቀን፣ ሞልቶ ሳለ፣ በፊት በር ገብታ ቁጭ ማለት ትፈልጋለች። ሌላ ምንም አትፈልግም። ይህንንም ለማንም አልተናገረችም፤ ለምና የምታገኘውን ነገር አትወድም።

ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር አምስት ሰዓት ሲሆን ተጀመረ። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ሰዓት ይቆጥራል፤ ለአንድ ቡድን አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ደቂቃ። ዓይናዲስ ይህን ሰዓት አልወደደችውም። ተነስታ መስኮቱን ከፈተች። ብርድ ገባና ዘጋችው። ሁለተኛ ሻይ ጣደች፤ ሳይፈላ ተመልሳ መጣች።

«ሆሊስ» አለ መኩሪያ፣ ደብተሩ ላይ የራሱን ምርጫ እየጻፈ። «አርባ ያርዱን በአራት ነጥብ አራት ሰከንድ ነው የሮጠው። ክንዱ ሠላሳ አራት ኢንች ነው።»

«ክንዱን ምን ያደርግልሃል? ሸሚዝ ልትሰፋለት ነው?» አለች ዓይናዲስ።

«እማማ፣ ይሄ ሳይንስ ነው።»

«ጥርሱንስ አልቆጠራችሁም? በሬ ሲገዛ ጥርሱም ይታያል።»

ጋሽ ፀጋይ ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። የአስመራ ሰው ነው፤ ሰባ ሊሞላው ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ ትምህርት ቤት የተማረውን አማርኛ እስከ ዛሬ ከረባት እንዳሰረ ነው የሚናገረው። «ወይዘሮ ዓይናዲስ እውነት አላቸው፤ ገበያ ነው» አለ። «እኔ ፊንችን ጻፍልኝ። ምክንያት አትጠይቀኝ።»

«ጋሽ ፀጋይ በያመቱ ምክንያት የለውም» አለች ዲና። «የኔ ማሎሪ። ሂ ኢዝ ሊተራሊ ግድግዳ።»

«ብራዶክ» አለ ኪዳነወልድ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

ኪዳነወልድ ስልኩን የሚያየው ለምን እንደሆነ ዓይናዲስ ታውቃለች። ትናንት መታጠቢያ ቤት ሆኖ ከአለቃው ጋር ሲያወራ በግድግዳው ሰምታዋለች። እንግሊዝኛዋ የጠራጊ እንግሊዝኛ ነው፣ ቢሆንም «ቲኬት» እና «ደይ ሺፍት» ለመስማት ይበቃል። አለቃው የዚህ ጨዋታ እብድ ነው። አምስተኛውን ወንበር ሊሰጠው፣ እሱም በምትኩ ከሌሊት ሥራ ሊያወጣው ተስማምተዋል። ልጇ በእጁ ባልገባ ወንበር ቃል ገብቷል። አልፈረደችበትም፤ ዓይኑ ሥር የጠቆረውን በያማለዳው የምታየው እሷ ናት። ግን ወንበሩን ደግሞ ትፈልገዋለች። እናት መሆን ወንበር መፈለግን አያስቀርም።

ይህን ስታስብ ቴሌቪዥኑ ለምርጫ ከቀረቡት አንዱን ልጅ አሳየ። ካለፈው ዓመት ጨዋታ የተቀዳ ነው። ኳሱን የያዘው ሰውዬ ለቀኙ ሯጭ የሰጠ አስመስሎ እጁን ዘረጋ፤ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ጎረፈ። አንድ አጭር ልጅ ብቻ፣ ፊት ለፊት ከሚገፋፉት ዝሆኖች ጀርባ፣ ሁለት እግሩን ተክሎ ቀረ። አልሮጠም፣ አልዘለለም። ከዚያ በግራ በኩል ሹልክ ያለውን ባለ ኳስ፣ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው፣ እቅፍ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ዓይናዲስ ከሶፋው ጫፍ ደረሰች። «መልሱልኝ እሱን።»

«እምዬ፣ ላይቭ ነው፣ አይመለስም» አለች ዲና፤ ቢሆንም አያቷን ታውቃታለችና ስልኳ ላይ ፈልጋ ሰጠቻት። ዓይናዲስ ስልኩን ከአፍንጫዋ ሥር አድርጋ ሦስቴ አየችው። በሦስቱም የልጁ ዓይን ኳሱ ላይ አልነበረም። ወገብ ላይ ነበር፤ የባለ ኳሱ ወገብ ላይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዓይናዲስ ፊደል አልቆጠረችም። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ መርካቶ መሬት ላይ ጆንያ ዘርግታ ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራለች። ሌባ ሲመጣ ዓይኑ ሽንኩርቱ ላይ ነው፣ አፉ ዋጋ ይጠይቃል፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ይሄ ሁሉ ይዋሻል። ወገቡ ግን ሳያውቀው ወደሚሸሽበት በኩል ዞሯል። ዓይናዲስ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተሰረቀችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ አንዱን ጊዜ ወባ ይዟት ነበር።

«የኔ ይሄ ነው» አለች። «ጻፈኝ።»

መኩሪያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ኪትሪጅ? እማማ ዓይናዲስ፣ ይሄ እኮ አጭር ነው። ቀርፋፋ ነው። በሰባተኛው ዙር እንኳ ከተመረጠ በስለት ነው።»

«ስለቱን እኔ አገባለታለሁ። ጻፈኝ።»

«አባል አይደሉማ!»

«ሻዩስ አባል ነው? ሶፋውስ? መብራቱን ማን ነው የሚከፍለው፣ ማኅበሩ?»

«ጻፍላቸው፣ መኩሪያ» አለ ጋሽ ፀጋይ። «ደንቡ ስም የጠራ ይላል እንጂ መዋጮ የከፈለ አይልም።»

መኩሪያ ሳቅ አለ። ሰው ሕፃንን ለማባበል የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነው። «እሺ፣ እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ» አለና እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አመላለሰው። ዓይናዲስ ፊደል ባትለይም ክዳን ትለያለች። ሰማያዊው ክዳን በእስክሪብቶው አፍ ላይ እንደተሰካ ነበር።

ደሟ ፈላ። ግን ጊዜው ገና ነው። ሌባ እጁ ሽንኩርቱ ውስጥ ሳይገባ አይጮህበትም።

«ኪዳኔ» አለች፣ «ማንን እንዳልኩ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ፣ ሰምቻለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

ከዚያ በኋላ መቀመጫ አጣች። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ አምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ሰውዬው ወጥቶ ስም ይጠራል፣ የማይታወቅ ቤተሰብ አንድ ሳሎን ውስጥ ተቃቅፎ ያለቅሳል፣ ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። እሷ ከሶፋ ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ መስኮት። ታች መንገድ ላይ አውቶቡሶቹ ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አንድም አይመጣም። ያልቆሸሸ ጠረጴዛ ወለወለች። የዲናን ሳህን ሳትጨርስ አነሳችባት።

«እምዬ፣ ቁጭ በይ፣ ዩ አር ስትሬሲንግ ሚ፣ አስጨነቅሽኝ።»

«አንቺ ቁጭ በይ። ቁጭ ማለት የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

መጀመሪያ ሆሊስ ሄደ፤ አንድ ሌላ ቡድን ወሰደው። መኩሪያ ሚስቱ እንደከዳችው ሰው ራሱን ይዞ፣ «ሠላሳ አራት ኢንች!» አለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ብራዶክ ሄደ። ኪዳነወልድ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ለእሱ እንዲያውም ደግ ነው፤ ማንም ካላገኘ የተረኛ ነው። ማሎሪ ሲሄድ ዲና ትራሱን ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወረች። የቀሩት የጋሽ ፀጋይ ፊንችና ያልተጻፈው አጭሩ ልጅ ናቸው።

የሰማያዊ ቆቦቹ ተራ ደረሰ። ሰዓቱ ከአምስት ደቂቃ ተነሳ። አራት። ሦስት። ዓይናዲስ የሶፋውን ጀርባ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አንድ ደቂቃ ሲቀር የቴሌቪዥኑ ሰዎች በአንድ ጊዜ መንጫጫት ጀመሩ።

«ምን ሆነ? ምን አሉ?»

«ተራቸውን ለወጡት» አለ መኩሪያ። «ለሌላ ቡድን ሰጥተው ወደ ኋላ ሄዱ። ስምንት ተራ መጠበቅ ነው።»

«ስምንት! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ዳቦ ቤት ወረፋ የሸጠ ሰው ዳቦ ያገኛል?»

«ትሬድ ነው፣ እምዬ። ዛት ኢዝ ስማርት።»

ዓይናዲስ ብልጠቱ አልታያትም። ጸሎት አሰበችና ተወችው፤ ለወንበር ብላ መድኃኔዓለምን ማስቸገር አልወደደችም። በስምንቱ ተራ መሃል ፊንች ሄደ። ጋሽ ፀጋይ ምክንያት አልነበረውምና አላዘነም፤ ቆሎውን ዘገነ። አሁን የቀረው አንድ ነው። እሱንም በየአምስት ደቂቃው ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ስም በተጠራ ቁጥር ዓይናዲስ ወደ ቴሌቪዥኑ ትጠጋለች፤ ስሙ የእሱ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ የቴሌቪዥኑን ሰው ትመርቃለች። ኪዳነወልድ እናቱን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ስልኩን አየ። ከዚያ እንደገና እናቱን።

በመጨረሻ ተራው ተመልሶ መጣ። አንድ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰውዬ ወረቀት ይዞ ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ጠራ።

ኪትሪጅ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አጭሩ ልጅ ከአንዲት ወፍራም ሴትዮ ትከሻ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል፤ ሴትዮዋ ቀና እንዲል ጀርባውን ትመታዋለች።

«ኦ ማይ ጋድ!» ዲና ከመሬት ተነሳች። «እምዬ! ያንቺ ነው! ያንቺ ልጅ ነው!»

ዓይናዲስ አልጮኸችም። መኩሪያን ብቻ ታየዋለች። መኩሪያ ደብተሩን አገላበጠ፤ ምን እንደጻፈና ምን እንዳልጻፈ የማያውቅ ይመስል። «እንግዲህ...» አለ። «በመዝገቡ ላይ አራት ስም ነው ያለው። ያልተጻፈ ደግሞ አይቆጠርም፤ ደንብ ነው። ስለዚህ ማንም አላገኘም፣ ለተረኛው ለኪዳኔ...»

«ለምን አልተጻፈም?» አለች ዓይናዲስ፣ ቀስ ብላ።

«እንግዲህ እኔ እንደ ቀልድ...»

«ክዳኑን ሳትከፍት ነው የጻፍከው። ዓይኔ እያየ። አሮጊት ናት፣ ፊደል አታውቅም፣ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ ካየች ይበቃታል ብለህ። አንተ ዲግሪ አለህ። የእስክሪብቶ ክዳን መክፈት የሚያስተምሩት በስንተኛው ዓመት ነው?»

ዲና አፏን በመዳፏ ያዘች። መኩሪያ አንገቱ ድረስ ቀላ።

«እማማ፣ አይቆጡ። ይሄን ያህል ከፈለጉት... ለዕድሜዎ ብለን እንስጥዎት። ምን ችግር አለው? እንደ ስጦታ...»

«ለዕድሜዬ?» አለች። «ለዕድሜዬማ መንግሥት የአውቶቡስ ካርድ ሰጥቶኛል። ከአንተ ምጽዋት የጠየቀ አለ? እኔ አውቄ ነው ያገኘሁት። አራታችሁ ወረቀት ይዛችሁ የሳታችሁትን ባዶ እጄን ነው ያገኘሁት። አቶ ፀጋይ፣ እዚህ በዕድሜ የሚቀርቡኝ እርስዎ ነዎት። ይዳኙን።»

ጋሽ ፀጋይ ቆሎውን አስቀመጠ፤ የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ። መጀመሪያ ለቀልድ ያደረገው ይመስል ነበር፤ ከዚያ ፊቷን አየና ቀልዱን ተወው። «መዝገብ ሲጎድል በሰው ምስክር ይሞላል» አለ። «እኔ ጻፍላቸው ማለቴን አውቃለሁ፤ ልጁን መምረጥዎንም ሰምቻለሁ። ነገር ግን ዳኛ ሆኜ ምስክር አልሆንም። ዲና ስልኩን የሰጠች ናት፤ ወገን ናት ይባላል። ሌላ ምስክር አለዎት?»

«አለኝ።» ወደ ልጇ ዞረች። «በዚህ የሚጎዳው እሱ ነውና ከእሱ የበለጠ ምስክር የለም።»

ኪዳነወልድ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ጣቱ ስክሪኑ ላይ አለቃው የላከው መልእክት አጠገብ ቆሟል። ዓይናዲስ ፊቱን አላየችም። ወገቡን አየች። ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ ልጅ ሆኖ ጥፋት ሲያጠፋ እንደሚዞረው።

ሰዓቱ ለሚቀጥለው ቡድን መቁጠር ጀምሯል፤ አራት ደቂቃ ከሃምሳ፣ ከአርባ ዘጠኝ። ማንም አላየውም።

«ኪዳኔ» አለ መኩሪያ፣ «አንተ ስልክህ ላይ ነበርክ፣ ባትሰማም...»

«ሰምቻለሁ» አለ ኪዳነወልድ።

«ምን?»

«ሰምቻለሁ አልኩ። ኪትሪጅ ነው ያለችው። ማለቴ፣ ስሙን አንተ ነህ የጠራኸው፤ እሷ ‹የኔ ይሄ ነው› አለች። ሰምተሃል ወይ ስትለኝም ሰምቻለሁ ብያለሁ።» ስልኩን በፊቱ ሶፋው ላይ ደፋው። ወገቡ ከበሩ ተመልሶ ወደ እናቱ ዞረ። «ለአለቃዬ የምነግረውን እኔ አውቃለሁ። ሌሊቱንም ለምጄዋለሁ።»

ስለ ሌሊቱ ነገ ይነጋገራሉ፤ ያን አለቃ ራሷ ሄዳ የምታነጋግርበት የጠራጊ እንግሊዝኛ አላት። አሁን ግን ሥራ አለባት።

«እንግዲህ ተፈርዷል» አለ ጋሽ ፀጋይ።

መኩሪያ እጁን ወደ እስክሪብቶው ዘረጋ። ዓይናዲስ ቀደመችው። አነሳችው፣ ሰማያዊውን ክዳን ነቀለችው፣ ክዳኑን ጡጫዋ ውስጥ ጨበጠች፣ እስክሪብቶውን በጫፉ በኩል ለመኩሪያ ዘረጋችለት።

«ጻፍ» አለች። «ዓይናዲስ ሀብተ ማርያም ብለህ፣ የአባቴን ስም ሳታስቀር። ከጎኑ የልጁን ስም ጻፍ፤ ከእሱ ጎን አምስተኛ ወንበር በል። ስትጨርስ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ ማንበብ ባልችልም መስማት እችላለሁ። ከዚያ ያንን ጣትህን አንሳና፣ እዚህ ቤት ውስጥ ስንት እንደሆንን እንደገና ቁጠር።»